ጂብራልታር ያለው "የማግዳላ" መድፍ የኛው መቅደላ ነው እንዴ?

የተንታው ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ። ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። የአክስቴ ልጅ ስፔን ነው የሚኖረው፣ ሰሞኑን እረፍት ወጥቶ ጂብራልታር ተሻግሮ ነበር፣ ከስፔን ጫፍ ላይ ያለችው የእንግሊዝ ግዛት ማለት ነው፣ እዛ ሮዚያ የሚባል ወሽመጥ ዳር አንድ ትንሽ ሙዚየም አገኘሁ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ሙዚየም ስላችሁ አዳራሽ በአዳራሽ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ዋናው እቃ አንድ መድፍ ነው፣ ሌላው ምሽጉና የማሽን ክፍሎቹ ናቸው። ግን ምን አይነት መድፍ! ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነው የተነሳው፣ እሱ ደግሞ አጭር የሚባል ሰው አይደለም፣ መድፉ ግን ውጦታል። ወደ አፉ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ከኋላው ግን ሆዱ የድግስ ጋን ነው የሚመስለው። አፉን ወደ ባሕሩ አዙሮ ተጋድሟል።

ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ፎቶ ነው። ሰሌዳው ላይ "ኔፒየር ኦፍ ማግዳላ ባተሪ" ይላል፣ ባተሪ የሚሉት የመድፍ ምሽጉን ነው። ማግዳላ!! እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግኩት ተንታ ነው፣ መቅደላ ማለት ለኛ ሰፈር በሉት፣ ልጅ ሆነን በእግራችን የምንወጣው ተራራ። የሱ ስም እዛ ባሕር ጠረፍ ላይ ምን ይሠራል?

በዛ ላይ ፎቶውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብለቀው አንዱ ወዲያው "እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉት የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሄው ተገኘ" ብሎ ጻፈበትና ሼር ሼር እየተደረገ አሁን በየቦታው እየዞረ ነው። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። መድፉ 100 ቶን ነው የሚል ተጽፏል፣ 1000 ኩንታል ማለት እኮ ነው፣ በዛን ዘመን ያንን በበሽሎ ገደል አውርዶ ቀይ ባሕር ጠረፍ ዙላ ድረስ ማን ነው የሚጎትተው፣ ዝሆን እንኳ ቢሆን ይተወዋል። እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ማግዳላ የኛው ነው ወይስ ሌላ አገር አለ? መድፉስ ከየት መጣ? ከሴባስቶፖል ጋር የሚያገናኘው ነገርስ አለ? ለስድብና ለዘር ነገር የምትመጡ ካላችሁ በናታችሁ እለፉኝ።

ጦሳ ስር፦
አብሽር ወንድሜ፣ መድፉ የኛ አይደለም፣ ስሙ ግን የኛው ነው። ኔፒየር የተባለው መቅደላን የወጋው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሮበርት ኔፒየር ነው። ዘመቻውን ጨርሶ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1868 ሎርድ አደረጉትና ማዕረጉ "ባሮን ኔፒየር ኦፍ ማግዳላ" ሆነ፣ ተራራችንን ከስሙ ጋር ሰፍቶ ይዞት ዞረ ማለት ነው። ከዛ ሕንድ ሄዶ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ደግሞ የጂብራልታር ገዢ ተደርጎ ተሾመ። ምሽጉ የተሠራው በዛ ሰሞን ነው፣ በገዢው ስም ሰየሙታ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ያንን የቴሌግራሙን ልጅ ፖስቱን አጥፋ በለው፣ ነገ ደግሞ በዩቲዩብ "ሰበር" ብሎ የሚያወጣው አይጠፋም።

ደግሞ መድፍ ብቻ እንዳይመስልህ፣ መርከብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 የቦምቤይን ወደብ እንዲጠብቁ ብለው ሁለት ብረት ለበስ መርከቦች ውሃ ላይ አውርደው አንዷን "ማግዳላ" ሌላዋን "አቢሲኒያ" አሏቸው። ባሕር በዞረበት ያልዞረ የወሎ ተራራ አንዴ ቦምቤይ አንዴ ጂብራልታር የወደብ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ ደሞዙን ማን እንደበላው እንጃ 😂

የታሪክ ተማሪዋ፦
@ጦሳ ስር ሃሃሃ ደሞዙን ተወው። ግን እኔ ያልገባኝ ለምን ይሄን የሚያህል መድፍ? ማንን ሊመቱበት ነው?

የምጽዋው መርከበኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፣ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ከዛ በኋላ ዕድሜዬን የንግድ መርከብ ላይ ነው የጨረስኩት፣ ጂብራልታርን ከውሃው በኩል ነው የማውቃት። የባሕር ሰርጡ በጣም ጠባብ በሆነበት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ በኩል አውሮፓን በሌላ በኩል አፍሪካን እያየህ ታልፋለህ፣ ከሜዲትራኒያን ወደ አትላንቲክ የሚወጣ መርከብ ሁሉ በዛ በር ነው የሚያልፈው። እንግሊዝ ያችን አለት ሙጭጭ ብላ የያዘችው ለዚህ ነው፣ ወደቡን ደግሞ ባዶውን አትተወውም፣ ስለዚህ ዙሪያውን መድፍ ተከለችበት።

የታሪክ ተማሪዋ ማንን ሊመቱበት ነው ላልሽው፣ የነገሩ መነሻ ጣልያን ናት። ጣልያን ዱይልዮ እና ዳንዶሎ የሚባሉ ሁለት የጦር መርከቦች ስትሠራ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ባለ 100 ቶን መድፍ አዘዘች። ከማን አትሉም? ከእንግሊዙ ከአርምስትሮንግ ፋብሪካ፣ ከኒውካስል! ፋብሪካው ሽጦ ብሩን ከቆጠረ በኋላ ነው መንግሥታቸው የደነገጠው፣ እነዚህ መርከቦች በእጃችን ያለችው ማልታ ፊት ለፊት መጥተው ቢቆሙ እኛ ያለን መድፍ ብረታቸውን አይበሳም፣ የነሱ ግን ምሽጋችንን ይደረምሳል ብለው። መላው ምን ሆነ፣ ራሳቸውም ከዛው ፋብሪካ ሄደው አራት ገዙ፣ ሁለቱን ማልታ ሁለቱን ጂብራልታር አስቀመጡ። ነጋዴ ማለት አርምስትሮንግ ነው፣ ስጋቱንም መድኃኒቱንም ከአንድ ሱቅ ሸጠ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ እኔ መቼም ይሄን ነገር ስወደው ሰው ይሰለቸኛል። የአፉ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ወደ 10 ሜትር። አንዷ ጥይት 900 ኪሎ ገደማ ናት፣ 9 ኩንታል በሏት፣ ባሩዱ ብቻ ከ200 ኪሎ ያልፋል። የሚጎርሰው ደግሞ ከኋላ ሳይሆን በአፉ ነው፣ የድሮ መድፍ ስለሆነ፣ እና 9 ኩንታል ማን ተሸክሞ ነው አፉ ውስጥ የሚከተው? ስለዚህ ከተኮሰ በኋላ መድፉ እንዳለ ወደ ጎን ይዞርና አፉን ዝቅ አድርጎ ግንቡ ላይ ወዳለች ቀዳዳ ያስጠጋዋል። ከግንቡ ውስጥ በውሃ ግፊት የሚሠራ ረጅም መግፊያ ዘንግ ይመጣል፣ መጀመሪያ የተቃጠለውን በውሃ ያጥብለታል፣ ቀጥሎ ባሩዱን፣ ቀጥሎ ጥይቷን ይገፋለታል፣ ከዛ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይዞራል። በግራም በቀኝም እንደዚህ አይነት የማጉረሻ ክፍል አለው፣ በአንዱ ሲጎርስ በሌላው የሚቀጥለው እየተዘጋጀ ይቆያል። ሰዎቹ ከግንቡ ውስጥ ናቸው፣ ወደ 35 ሰው ይሠራበታል፣ ጠላት የሚያየው መድፉን ብቻ ነው።

ችግሩ ምንድነው፣ ያንን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር ነው። እንፋሎቱ ግፊት እስኪይዝ ሰዓታት ይፈጃል። ማለት የጠላት መርከብ በድንገት ብቅ ቢል "ቆይ ጠብቀን ውሃው እስኪፈላ" ልትለው ነው። በዛ ላይ በአንዱ ተኩስና በሌላው መካከል ብዙ ደቂቃ አለ። እና ብዙም ሳይቆይ ከኋላ የሚጎርሱ ፈጣን መድፎችና ጭስ የሌለው ባሩድ ሲመጡ ይሄ ግዙፍ ነገር አርጅቶ ተቀመጠ። በጠላት ላይ አንድም ቀን አልተኮሰም። ከጂብራልታሮቹ የአንዱ በርሜል በልምምድ ተኩስ ተሰንጥቆ ከሌላው ምሽግ ከቪክቶሪያ ባተሪ ያለውን አምጥተው ተክተውታል፣ ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱ ማልታ ሪኔላ ምሽግ ያለው፣ ሌላው የአክስትህ ልጅ አጠገቡ የተነሳው።

የተንታው ልጅ፦
ወላሂ ጋሼ መርከበኛው እድሜ ይስጥዎት፣ ቁጭ ብዬ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ያ ሁሉ ወጪ ለማስፈራሪያ ነው ማለት ነው?

የምጽዋው መርከበኛ፦
የባሕር ዳር መድፍ ሥራው ግማሹ ማስፈራራት ነው ልጄ። መርከቡ ካልመጣልህ ሥራህን ሠራህ ማለት ነው። ደግሞ የመሬቱ ሰው አንድ ብልጫ አለው፣ መርከብ ይወዛወዛል ምሽግ አይወዛወዝም፣ ርቀቱን አስቀድመህ ለክተህ፣ የትኛው ቦታ ላይ ስንት እንደሆነ ሰንጠረዥ ይዘህ ነው የምትጠብቀው። ለዛ ነው መርከበኛ ምሽግ የማይወደው።

መምህር ዘወረኢሉ፦
ልጄ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። መርከበኛው ወንድማችን አርምስትሮንግ ሲሉ እኔ ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ምክንያቱም የዛ ፋብሪካ ስም መቅደላ ላይም አለ። ኔፒየር ዙላ ላይ ወርዶ ሲመጣ ወደ 13 ሺህ ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት፣ ዝሆኖቹ ከባድ ከባዱን መሣሪያ ነው የተሸከሙት፣ ከነዛ ውስጥ የአርምስትሮንግ መድፎች ነበሩበት። በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቀበት ውጊያ ሆነ፣ ወደ 700 የሚጠጋ የኛ ሰው አለቀ፣ የነሱ ሟች ሁለት ብቻ ነው። በፋሲካው ማግስት ሰኞ ሚያዝያ 6 ደግሞ አምባውን በመድፍ ደብድበው ወጡበት፣ ንጉሡም ከበሩ አጠገብ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እና መቅደላን ካስጎነበሱት መድፎች አንዱን የሠራው ፋብሪካ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ "ማግዳላ" የተባለው ምሽግ ላይ የተቀመጠውን ሠራ። ይሄን የሚያውቅ ጎብኚ እዛ ስንቱ ይሆን?

ሴባስቶፖልን ስለጠየቅከው፣ እሱ ሌላ ዓይነት ነው። መርከብ የሚመታ አይደለም፣ ሽቅብ ወርውሮ ቅጥር ላይ የሚጥል ሞርታር ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ቫልድማየር፣ የወንጌል ሰባኪ ተብለው የመጡት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ በንጉሡ ትእዛዝ አቀለጡት፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ነው የሚባለው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ ገደሉ እየተፈነቀለ መንገድ እየተቆረጠለት በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው መቅደላ የገባው መጋቢት ላይ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ነበር የሚያሠሩት። የጂዳንና የበሽሎን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ዛሬ በባዶ እግርህ ስትወርደው እንኳ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። ሴባስቶፖል የተባለው በክራይሚያ ጦርነት ስሙ በገነነው በጥቁር ባሕር ዳር ባለው የሩሲያ ምሽግ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1854 የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ከባሕር ቢደበድቡት የባሕር ዳር ምሽጎቹ መልሰው አቃጠሏቸው እንጂ አልተንበረከኩም፣ ከተማው የወደቀው በሚቀጥለው ዓመት በየብስ ተከቦ ነው። እና አስቡት፣ የባሕር ዳር ምሽግ ስም ወሎ ተራራ ላይ ወጥቶ ቀረ፣ የወሎ ተራራ ስም ደግሞ ወርዶ የባሕር ዳር ምሽግ ሆነ።

ጦሳ ስር፦
መምህር ይሄ የመጨረሻው አረፍተ ነገር ስክሪንሾት ተደርጓል።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ግን ይሄ ሁሉ ደስታ አልገባኝም። ወገኖቻችንን ገድሎ፣ አምባውን አቃጥሎ፣ መጻሕፍቱን ጽላቱን ዘውዱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ የሄደ ሰው ስም ላይ ቆመን ሰልፊ ልንነሳ ነው? ለኔ የዛ ሙዚየም ስም ስድብ ነው። ደግሞ እንደ ወሎዬ አንድ ነገር ልበል፣ ቴዎድሮስም ቢሆን ለወሎ ምን እንዳደረገ አያቶቻችን ነግረውናል፣ መቅደላ ለኛ የጀግና ቦታ ብቻ አይደለም እስር ቤትም ነበር። ምኒልክ ከዛ ሲያመልጡ የወይዘሮ ወርቂትን ልጅ ገደል የከተተው ማን ነው? ስለ መድፍ ስታወሩ ስለሷ አንድ ሰው እንኳ አላነሳም።

መምህር ዘወረኢሉ፦
ሐይቅ ዳር እውነትሽን ነው፣ ወይም እውነትህን ነው፣ ስሙ አይለይም። ያ በ1857 ዓ.ም. የሆነ ነው፣ ልጁ አማዴ መቅደላ ላይ በእስር ነበር፣ ምኒልክ አምልጠው ወርቂት ጋ ሲገቡ ንጉሡ ከአምባው ሆነው አዩና ልጇን ገደል አስወረወሩት። እንግሊዝ ሲመጣ ወርቂትና መስታወት ሁለቱም የወሎ እመቤቶች ዙሪያውን ነበሩ፣ ለንጉሡ መውጫ እንዳይኖረው መንገዱን የዘጉትም የነሱ ሰዎች ናቸው። ኔፒየር ሲወጣ አምባውን የሚረከብ ቢፈልግም በመጨረሻ አቃጥሎት ነው የሄደው። ይሄ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ካልተቀመጠ ታሪክ ጎደሎ ነው፣ በዚህ ካንተ ጋር ነኝ። ስሙ ስድብ ነው የምትለው ላይ ግን አልስማማም፣ ስሙ እዛ መኖሩ ለኛ በር ነው።

የተንታው ልጅ፦
እኔም ያሰብኩት እሱን ነው መምህር። ያ ሙዚየም ለጎብኚው ስለ ቶኑ ስለ እንፋሎቱ ስለ ኒውካስል ይነግረዋል፣ "ማግዳላ" የሚለው ቃል ግን ዝም ብሎ የሰውዬው የአባት ስም ነው የሚመስለው። አንድ ገጽ ጽፈን ብንልክላቸውስ? ይሄ ቦታ ይሄ ነው፣ ወሎ ነው ያለው፣ እንደዚህ ሆነ፣ ሴባስቶፖል ዛሬም እዛው ተራራ ላይ ነው ብለን። ፎቶ እኛ እንልካለን። እምቢ ካሉም እምቢ ነው ምን ይጎዳናል። የከፋኝ ግን ሌላ ነው፣ የነሱ መድፍ አንድም ቀን ጠላት ላይ ሳይተኩስ ትኬት ተቆርጦለት፣ ቀለም እየተቀባ፣ አስጎብኚ ተመድቦለት ይጎበኛል፣ የኛው ከደብረ ታቦር ተጎትቶ የመጣው ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂ ከዋናው የበለጠ ሰው ያየዋል።

ቦርከና አስጎብኚ፦
ወንድሜ ሐሳብህ ቆንጆ ነው፣ ግን በአስጎብኚነት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ መሬት ላይ ላውርድህ። ከዚህ ቀደምም እንደዚህ የተነሳሱ ልጆች አይቻለሁ፣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድነው መሰለህ፣ መንደር ለመንደር ዞረው የድሮ ጥይት፣ የመድፍ አረር፣ የሰይፍ ስባሪ መግዛት ይጀምራሉ። እንዳታደርጉት! አንደኛ ሕገ ወጥ ነው፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ቅርስ ከቦታው ማንቀሳቀስንም ይከለክላል፣ ያገኘ ሰው ማስመዝገብ ነው ያለበት። ሁለተኛ ገዢ አለ ከተባለ ገበሬው ክረምት ጠብቆ አሮጌ ሜዳን በዶማ ይገለብጠዋል፣ የትኛው አረር የት ቦታ እንደወደቀ የሚለው መረጃ ደግሞ ከአረሩ በላይ ዋጋ አለው፣ አንዴ ከተነሳ አበቃ። ያልፈነዳ ነገር የመገኘቱን አደጋ ደግሞ አስቡት።

ሙዚየም ለመጀመር እቃ አያስፈልጋችሁም፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ትልቅ ካርታ ከዙላ እስከ መቅደላ፣ ፋላ፣ ሥላሴ፣ አሮጌና ቆቂት በር የት የት እንደሆኑ የሚያሳይ፣ ሴባስቶፖል ከጋፋት የመጣበት መንገድ በሌላ ቀለም። ከዛ የሽማግሌዎቹን ድምፅ በስልክ ቅዱ፣ ከአያት የሰሙትን፣ ስለ ወርቂትም ስለ መስታወትም ስለ እስረኞቹም። እንግሊዞቹ ፎቶ አንሺ ይዘው ስለመጡ በወቅቱ የተነሱ ፎቶዎች አሉ፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል ማተም ይቻላል። ቅርስ ካላስቀመጥክ ሌባም አይመጣብህም፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደሴ ሙዚየም ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን።

ሴባስቶፖልን በተመለከተ፣ እኔ ሰው ይዤ ስወጣ የማየው ነገር አለ፣ ጎብኚው ሲመጣ ልጆቹ ደስ እንዲለው ብለው ላዩ ላይ ይወጣሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፉ እንዲታየኝ ብሎ በድንጋይ ያሸዋል። ያ ነው የሚጎዳው እንጂ ዝናቡ አይደለም። ዝናቡን ከ150 ዓመት በላይ ችሎታል።

ሐይቅ ዳር፦
@ቦርከና አስጎብኚ የሽማግሌዎቹ ድምፅ የሚለው ደስ ብሎኛል። የኔ አያት በሕይወት አለ፣ በናቱ ወገን ከወርቂት አገር ነን ይላል፣ እቀዳዋለሁ። ግን ቴዎድሮስን ይሰድባል፣ አትቆርጡትም አይደል? 😄

ቦርከና አስጎብኚ፦
ኧረ ምን በወጣን፣ እንዳለ ነው የሚገባው።

የምጽዋው መርከበኛ፦
ስለ ትንሽ ሙዚየም ከተነሳ አንድ የሰማሁትን ልጨምር፣ ማልታ ያለውን ሪኔላን እዛው አገር ያለ የቅርስ ማኅበር ነው ከፍርስራሽ ያነሳው፣ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት፣ በጥንቱ ዩኒፎርም ለብሰው ለጎብኚ ያሳያሉ። መንግሥት እስኪያደርገው ብለው አልጠበቁም ማለቴ ነው።

ሌላ ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ኦስካርስቦርግ የሚባል ምሽግ አለ፣ ወደ ኦስሎ የሚያስገባው ጠባብ የባሕር መንገድ ላይ፣ አሁን ሙዚየም ነው። ሦስት ትልልቅ የክሩፕ መድፎች አሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1893 የገቡ፣ ስማቸው ምን መሰላችሁ፣ ሙሴ፣ አሮንና ኢያሱ! እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ሌሊት ላይ የጀርመን ብሉሸር የምትባል አዲስ የጦር መርከብ ኦስሎን ልትይዝ ወታደር ጭና ስትመጣ አዛዡ ኤሪክሰን እነዚያን ያረጁ መድፎች አስተኮሰ። ሰው ስላልነበረው ሁለቱን ብቻ ነው ማስተኮስ የቻለው፣ አንድ አንድ ጥይት፣ ሁለቱም መቱ፣ ከዛ ከምሽጉ የተለቀቀ ቶርፒዶ ጨረሳትና ሰመጠች። በዛች በተገኘች ጊዜ ንጉሣቸውና መንግሥታቸው ከከተማ ወጡ። 47 ዓመት ሙሉ ሲያረጁ የኖሩ ሙሴና አሮን በአንድ ሌሊት ሥራቸውን ሠሩ። የጂብራልታሩ ያንን ዕድል አላገኘም፣ ወይም አግኝቶ ነው ማለትም ይቻላል፣ እንደምታዩት ነው።

የታሪክ ተማሪዋ፦
ጋሼ እርስዎ ለብቻዎ ቻናል ይክፈቱ በናትዎ። እኔ እንግሊዝኛው ላይ እረዳለሁ፣ ለጂብራልታሮቹ የሚላከውን ገጽ መምህር በአማርኛ ይጻፉልን፣ እኔ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። የወርቂትን ነገርም አስገቡበት። የተንታው ልጅ፣ የአክስትህን ልጅ ሰሌዳዎቹን በሙሉ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ንገረው፣ አሁን ስለ ማግዳላ ምን ብለው እንደጻፉ ሳናውቅ ብንጽፍላቸው ጥሩ አይደለም፣ ምናልባት ቀድመውን ጽፈውት ይሆናል።

መምህር ዘወረኢሉ፦
እጽፋለሁ። ረጅም ከሆነ ቁረጡልኝ፣ መምህር ሲጽፍ ማቆም ይቸግረዋል።

የተንታው ልጅ፦
ነግሬዋለሁ፣ ለሥራ ስለሚመለስ ቅዳሜ ነው የሚሄደው አለኝ። ደግሞ ጋሼ መርከበኛውና መምህር ከመጣችሁ መቅደላ አብረን እንውጣ፣ እናቴ ቤት ነው የምታርፉት፣ ሌላ ቦታ ብታርፉ ትቀየመኛለች።

ቦርከና አስጎብኚ፦
ከደሴ በኩታበር አድርጋችሁ ነው የምትሄዱት፣ ከመስቀል በኋላ ይሁን፣ ክረምት ላይ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። አሮጌን በጠዋት ካያችሁ በኋላ ነው ወደ አምባው መውጣት ያለባችሁ፣ ፀሐዩ ከበረታ ሽቅቡ ለጋሼ ይከብዳቸዋል፣ በቅሎ ካስፈለገ ተንታ ላይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የምጽዋው መርከበኛ፦
በቅሎ አያስፈልገኝም። ለመምህር ያዙላቸው።

መምህር ዘወረኢሉ፦
መርከበኛ ሽቅብ መቼ ያውቃል ብዬ ዝም ብል፣ ሁለት ያዙ 😂